የብሎክቼይን ካዝና ቁልፉ በስንት ሰው እጅ ነው?

አንድ ደንበኛ 5 ሺህ ኢተር ለማውጣት ጠየቀ፤ ገንዘቡ አልወጣለትም። ቀኑ ማርች 29 ቀን 2022 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢተር ኢቴሪየም በተባለው የኮምፒዩተር መረብ ላይ የሚዘዋወር ገንዘብ ሲሆን፣ ደንበኛው ሊያወጣ የፈለገው ሮኒን ከሚባል የገንዘብ መተላለፊያ ነበር። የመተላለፊያው ባለቤቶች የደንበኛው ጥያቄ ለምን እንዳልተሳካ ሲመረምሩ የተመዘበረ ካዝና ገጠማቸው። 173 ሺህ 600 ኢተርና 25 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዩኤስዲሲ የተባለ የዶላር ምትክ ገንዘብ ወጥቷል። በጊዜው ዋጋ ሲሰላ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል።

ገንዘቡ የወጣው ግን በዚያን ቀን አልነበረም። ማርች 23 ቀን፣ ማለትም ከስድስት ቀን በፊት፣ በሁለት ዝውውር ብቻ ተጠናቅቆ ነበር። ያንን ያህል ሀብት ሲወጣ በስድስት ቀን ውስጥ የቆጠረው ሰው አልነበረም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል የተሰበረ ነገር አለመኖሩ ነው። ብሎክቼይንን የማይደፈር ያደርገዋል የሚባለው የሚስጥር ቁጥር አልተፈታም። መዝገቡም አልተፋቀም፣ አልተደለዘም። ገንዘቡ እንዲወጣ የታዘዘበት ሰነድ የሚፈለገውን ያህል ፊርማ ያሟላ ነበር። ፊርማዎቹም ትክክለኛ ነበሩ፤ የፈረመው ግን ሌባ ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬም ድረስ የብሎክቼይንን አደጋ ለመመዘን ለሚፈልግ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ምክንያቱም በገበያው ላይ ስለ ብሎክቼይን ሲወራ ዘወትር የሚነሳው «ይሰበራል ወይስ አይሰበርም?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለሙያዎች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ እንዲጠፋ ስንት ሰው መሳሳት ወይም መክዳት አለበት? እነዚያ ሰዎችስ እነማን ናቸው?

ለመሆኑ ብሎክቼይን ምንድነው?

ብሎክቼይን ባጭሩ የሒሳብ መዝገብ ነው። ልዩ የሚያደርገው በአንድ ባንክ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የማይያዝ መሆኑ ነው። የመዝገቡ ቅጂ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። አንድ ዝውውር ሲካሄድ እነዚህ ኮምፒዩተሮች ተስማምተው ይመዘግቡታል። የተመዘገቡት ዝውውሮች በጥቅል በጥቅል ይታሰራሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅል ከቀዳሚው ጋር ስለሚያያዝ ሰንሰለት ይሆናል። ኮምፒዩተሮቹ የሚስማሙበት ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። ማን ይጽፋል፣ ማን ያጸድቃል፣ ስንት ድምፅ ይበቃል የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልሰው ይኸው ደንብ ነው።

ባለገንዘቡ ገንዘቡን የሚያዝበት የሚስጥር ቁልፍ አለው። ቁልፉ ረጅም ቁጥር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዛል። መዝገቡ ፊርማውን እንጂ የፈራሚውን መልክ አያይም። በባንክ ቢሆን የፊርማ ናሙና ይመሳከራል፣ ከተጠራጠሩም ስልክ ይደወላል። እዚህ ግን ቁልፉ ከገባ በሩ ይከፈታል።

ዘጠኝ ቁልፎች፣ አንድ ቤት

ወደ ሮኒን እንመለስ። መረቡን ያቋቋመው ስካይ ማቪስ የተባለ በቬትናም የሚገኝ ኩባንያ ነው። ኩባንያው የታወቀው አክሲ ኢንፊኒቲ በተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲሆን፣ በፊሊፒንስና በሌሎችም አገሮች በርካታ ሰዎች በጨዋታው ገቢ ያገኙበት ነበር። በኢቴሪየም መረብ ላይ የአገልግሎት ክፍያው ውድ በመሆኑ ኩባንያው ለጨዋታው የራሱን ርካሽ መረብ ሠራ። ተጫዋቹ ገንዘቡን ከኢቴሪየም ወደ ሮኒን የሚያሻግርበት መንገድ «ድልድይ» ይባላል።

ድልድዩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ኢተሩን በኢቴሪየም በኩል በካዝና ያስቀምጣል፤ በምትኩ በሮኒን በኩል ደረሰኝ መሰል ገንዘብ ይሰጠዋል። ሲመለስ ደረሰኙን አስረክቦ ኢተሩን ይወስዳል። እንግዲህ የሁሉም ተጫዋቾች ኢተር በአንድ ካዝና ተከማችቶ ይገኛል ማለት ነው።

ካዝናው ዘጠኝ አጽዳቂዎች ነበሩት። ገንዘብ ለማውጣት ከዘጠኙ የአምስቱ ፊርማ ይበቃል። ይህን የሰማ ሰው አምስት የተለያዩ ወገኖች ካልተባበሩ ገንዘቡ አይነካም ብሎ ያስባል። ሆኖም ከዘጠኙ አራቱ በራሱ በስካይ ማቪስ ይዞታ ሥር ነበሩ። ስለዚህ የኩባንያውን ኮምፒዩተሮች የተቆጣጠረ ሌባ አራት ፊርማ በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው።

አንዱን ከየት አመጣው? በኖቬምበር 2021 የተጫዋቾች ቁጥር ከመጠን በላይ በመጨመሩ ኩባንያው ሥራውን ለማቃለል ሲል አክሲ ዳኦ የተባለውን የተጠቃሚዎች ማኅበር እርዳታ ጠየቀ። ማኅበሩም ስካይ ማቪስ በእርሱ ስም እንዲፈርም ውክልና ሰጠ። ውክልናው ያስፈለገበት ሥራ በታኅሣሥ ወር ማለትም በዲሴምበር 2021 አበቃ። ውክልናው ግን ከመዝገብ አልተሰረዘም። ሌባው ከሦስት ወር በኋላ ሲመጣ ያ ያልተሰረዘ ውክልና ቁጭ ብሎ ጠበቀው። አራትና አንድ አምስት ሆነ፤ ካዝናውም ተከፈተ።

የእድር ሣጥን ለምን በሦስት ቁልፍ እንደሚዘጋ አንባቢ ያውቃል። አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ ይሆናል። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ጸሐፊው ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሲሄድ ቁልፉን ለዳኛው አደራ ሰጥቶ፣ ሲመለስ መቀበሉን ቢረሳስ? ሣጥኑ ከውጭ ሲያዩት ሦስት ቁልፍ አለው። በተግባር ግን የሁለት ሰው ሣጥን ሆኗል። የእድሩ አባላት ደግሞ ይህን አያውቁም። የሮኒን ነገርም እንዲሁ ነበር፤ በወረቀት ላይ ዘጠኝ፣ በተግባር አንድ ቤት።

ሌባው ወደዚያ ቤት የገባው በሰው በኩል መሆኑን ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። ሠራተኞቹ በተደጋጋሚ የማጥመጃ መልእክት ይላክላቸው ነበር፤ አንዱ ተጠመደ። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. በኤፕሪል 2022 ዝርፊያውን የፈጸመው ከሰሜን ኮሪያ መንግሥት ጋር ግንኙነት ያለው ላዛረስ የተባለው ቡድን መሆኑን ገልጿል። ስካይ ማቪስ የተጠቃሚዎቹን ገንዘብ ለመተካት 150 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ማሰባሰብ ግድ ሆኖበታል። ድልድዩም እንደገና የተከፈተው በጁን 2022 መጨረሻ ነበር።

ስህተቱ ከኮዱ ሲሆን

አደጋው ሁልጊዜ ከቁልፍ ያዦች አይመጣም። በብሎክቼይን ላይ የሚሠሩ ብዙ አገልግሎቶች በኮምፒዩተር ኮድ የተጻፉ ውሎች ናቸው። ውሉ በሰው ሳይሆን በራሱ ይፈጸማል። ኮዱ የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ስህተቱም እንዲሁ በራሱ ይፈጸማል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በ2016 የደረሰው ነው። ዳኦ በሚል ስም የተቋቋመ የጋራ መዋዕለ ንዋይ ከብዙ ሺህ ሰዎች ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር ሰበሰበ። ሥራ አስኪያጅ አልነበረውም፤ የሚተዳደረው በኮድ ብቻ ነበር። ከኮዱ ውስጥ አንድ የቅደም ተከተል ጉድለት ተገኘ። አባል ድርሻውን ሲጠይቅ ኮዱ መጀመሪያ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ከሒሳቡ ላይ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘብ ከፋዩ ብሩን ቆጥሮ ለደንበኛው ካስረከበ በኋላ መዝገቡ ላይ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሳ ደንበኛው «እንደገና ስጠኝ» ቢለው፣ ከፋዩም መዝገቡን አይቶ «አዎ፣ ሒሳብህ ሙሉ ነው» ብሎ ደግሞ ቢከፍለው ማለት ነው። ጁን 17 ቀን 2016 አንድ ሰው ይህንኑ እየደጋገመ 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ኢተር አወጣ።

የኢቴሪየም ተጠቃሚዎች ከዚህ በኋላ ለሁለት ተከፈሉ። ብዙኃኑ በጁላይ 2016 ደንቡን አሻሽለው ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ። ጥቂቶቹ ግን «የተጻፈ መዝገብ አይለወጥም» በማለት በአሮጌው መዝገብ ቀጠሉ። ይህ አሮጌው ሰንሰለት ኢቴሪየም ክላሲክ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። ከዚህ ሁኔታ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። «የማይለወጥ» የሚባለው መዝገብ የማይለወጠው ተጠቃሚዎቹ እስካልተስማሙ ድረስ ነው።

ስህተት በዋናው ደንብ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ቢትኮይን በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተወስኖ የተሠራ ነው። ሆኖም በኦገስት 2010 በአንድ የመደመር ጉድለት ምክንያት ከ184 ቢሊዮን በላይ ቢትኮይን በአንድ ዝውውር ተፈጥሮ ነበር። ስህተቱ በሰዓታት ውስጥ ታርሟል። ጊዜው የቢትኮይን ዋጋ ገና ኢምንት የነበረበት ባይሆን ኖሮ ጣጣው ሌላ በሆነ ነበር።

ብዙኃኑ ሲገዛ

ኢቴሪየም ክላሲክን ካነሳን ሌላውን ዓይነት አደጋ ለማስረዳት ይመቻል። እንደ ቢትኮይን ባሉት መረቦች ውስጥ መዝገቡን የመጻፍ መብት የሚገኘው በኮምፒዩተር ጉልበት ውድድር ነው። ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ቢቀርቡ ብዙ ጉልበት የፈሰሰበት ይጸናል። ስለዚህ ከጠቅላላው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሆነውን የያዘ ሰው የቅርብ ጊዜውን መዝገብ እንደገና ሊጽፍ ይችላል።

ሌባው ከዚህ እንዴት ይጠቀማል? ገንዘቡን ለአንድ ምንዛሪ ቤት ያስገባና ሸጦ ዶላር ወይም ሌላ ገንዘብ ይወስዳል። በዚያው ጊዜ ገንዘቡን ፈጽሞ ያላስገባበትን ሌላ መዝገብ በድብቅ ይጽፋል። የሸጠውን ከተቀበለ በኋላ የደበቀውን መዝገብ ያወጣል። ጉልበቱ ስለሚበልጥ የእርሱ ይጸናል። የምንዛሪ ቤቱ ገንዘብ ከመዝገብ ይጠፋል፤ ሌባው ግን ሁለቱንም ይዟል። በቼክ ከፍሎ ዕቃውን ከጫነ በኋላ ቼኩን እንደሚያስመክን ነጋዴ ነው።

ኢቴሪየም ክላሲክ በጃንዋሪ 2019 ይህ ደርሶበታል። በኦገስት 2020 ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞበታል። ከሦስቱ በመጀመሪያው ሌባው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘበት፣ የኮምፒዩተር ጉልበት ለመከራየት ያወጣው ግን ወደ 200 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ሁኔታውን የተከታተሉ ተንታኞች አስልተዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ያን ጊዜ ትልቁ ኢቴሪየምም በተመሳሳይ መሣሪያ ይሠራ ስለነበር ነው። ለትልቁ ወንድም የተገዛው መሣሪያ ትንሹን ለማጥቃት በኪራይ ይገኝ ነበር።

ቢትኮይንን በዚህ መንገድ ማጥቃት እጅግ ውድ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ በዓለም ዙሪያ የተበተነ ሲሆን፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም የአገር ያህል ነው። ከዚያ ኤሌክትሪክ ከፊሉ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቢትኮይን የሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በውጭ ምንዛሪ ኃይል ገዝተው ሲሠሩ ቆይተዋል። እነዚህ መጋዘኖች የሚያመርቱት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከላይ የተጠቀሰውን ጥበቃ ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

ትልቁ ኢቴሪየም ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ የጉልበት ውድድሩን ትቶ በመያዣ ይሠራል። አጽዳቂ ለመሆን የሚሻ ሰው ቢያንስ 32 ኢተር ያስይዛል፤ ካጭበረበረ ይቀጣል። እዚህ ደግሞ መታየት ያለበት ከተያዘው ገንዘብ አንድ ሦስተኛውና ሁለት ሦስተኛው በማን እጅ እንዳለ ነው። አንድ ሦስተኛውን የያዘ መዝገቡ እንዳይጸድቅ ሊያግድ ይችላል። ሁለት ሦስተኛውን የያዘ ደግሞ የፈለገውን ያጸድቃል።

ዋጋ ነጋሪውና ድምፁ

የብሎክቼይን ውል በውጭው ዓለም ያለውን ዋጋ በራሱ አያውቅም። የሚነግረው ይፈልጋል። ነጋሪው ከተታለለ ውሉም ይታለላል። በኦክቶበር 2022 ማንጎ ማርኬትስ በተባለው የብድር አገልግሎት ላይ የደረሰው ይህ ነው። አንድ ነጋዴ እምብዛም የማይገበያይ አንድ ሳንቲም በብዛት ገዝቶ ዋጋውን በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ እጥፍ ሰቀለው። በዚያ በተሰቀለ ዋጋ የራሱን ሒሳብ እንደ መያዣ አቅርቦ ሌሎች ደንበኞች ያስቀመጡትን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ወጣ። መሬቱን ለወንድሙ በአሥር እጥፍ የሸጠ አስመስሎ በዚያ ዋጋ ከባንክ ብድር እንደሚወስድ ሰው መሆኑ ነው።

ድምፅም እንዲሁ ሊገዛ ይችላል። ቢንስቶክ የተባለው አገልግሎት በአባላት ድምፅ ይተዳደር ነበር። በኤፕሪል 2022 አንድ ሰው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቅጽበት ብድር ወሰደ። የቅጽበት ብድር ማለት መያዣ የማይጠየቅበት፣ በዚያው ዝውውር ውስጥ ተወስዶ በዚያው የሚመለስ ብድር ነው። በተበደረው ገንዘብ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ገዛ፤ ገንዘቡ ሁሉ ወደ እርሱ እንዲዛወር ያቀረበውን ሐሳብ በራሱ ድምፅ አጸደቀ፤ ብድሩን መለሰ። ሁሉም በሴኮንዶች ውስጥ ያለቀ ነው። አገልግሎቱ 182 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጣ። ደንቡ አልተጣሰም ነበር፤ ጉድለቱ ለአንድ ቅጽበት ባለድርሻ የሆነውን ሰው ለዓመታት ከቆየው እኩል ማየቱ ነው።

የፈረሙትን ማየት

ከሁሉም ትልቁ ዝርፊያ ግን እንደገና ወደ ፈራሚዎቹ ይመልሰናል። በፌብሯሪ 21 ቀን 2025 ዱባይ ከሚገኘው ባይቢት ከተባለ ምንዛሪ ቤት ወደ 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር ተወስዷል። ካዝናው ከአንድ ሰው በላይ የሚፈርምበት ነበር። ፈራሚዎቹም የታመኑ ሰዎች ነበሩ፤ ቁልፋቸውም አልተሰረቀም። ሌቦቹ የገቡት ምንዛሪ ቤቱ ለመፈረሚያ ይጠቀምበት የነበረውን ሶፍትዌር ያዘጋጀው ድርጅት ባለሙያ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። በዚያ በኩል በፈራሚዎቹ ስክሪን ላይ የሚታየውን ለወጡት። ፈራሚዎቹ በዓይናቸው ያዩት የዘወትር የውስጥ ዝውውር ነበር። የፈረሙት ግን ካዝናውን ለሌላ የሚያስረክብ ሰነድ ነበር። ኤፍ.ቢ.አይ. ይህንንም ከሰሜን ኮሪያ ጋር አያይዞታል።

አደጋው እንዴት ይመዘናል?

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የተለያዩ ጉዳዮች አንድ መመዘኛ ማውጣት ይቻላል። ማንኛውም ኢንሹራንስ ሠራተኛ እንደሚያውቀው አደጋ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ የመድረስ ዕድሉና ሲደርስ የሚያስከትለው ኪሣራ። በብሎክቼይን ላይ ሦስተኛ ይጨመራል። እርሱም ለሌባው ያዋጣዋል ወይ የሚለው ነው። ካዝናው ውስጥ 600 ሚሊዮን ዶላር ካለና ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ሠራተኛን ማታለል ብቻ ከሆነ፣ የሚያታልለው ሰው ዛሬ ባይመጣ ነገ መምጣቱ አይቀርም። በኢቴሪየም ክላሲክም የታየው ይኸው ስሌት ነው። ሁለት መቶ ሺህ አውጥቶ አምስት ሚሊዮን የሚያስገኝ ሥራ ሠራተኛ አያጣም።

ስለዚህ ገንዘብ ለማስገባት የሚያስብ፣ ወይም ድርጅቱ በዚህ አሠራር እንዲጠቀም የተጠየቀ ሰው ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባዋል።

አንደኛ፣ ስንት ፊርማ ያስፈልጋል? ፈራሚዎቹስ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ናቸው ወይ? ዘጠኝ ስም ተደርድሮ ሲታይ አራቱ የአንድ ድርጅት ከሆኑ እንደ አንድ መቆጠር አለባቸው። የተሰጠ ውክልና ካለ መቼ እንደሚያበቃ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ኮዱን ማን ሊለውጠው ይችላል? ለመለወጥስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለውጡ ከመጽናቱ በፊት ጥቂት ቀናት የሚጠብቅ ከሆነ ደንበኛው ገንዘቡን ለማውጣት ፋታ ያገኛል። በቅጽበት የሚለወጥ ከሆነ ግን ዛሬ የተመረመረው ኮድ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዋጋው ከየት ይመጣል? ከአንድ ቀጭን ገበያ ብቻ ከሆነ በጥቂት ገንዘብ ሊጠመዘዝ ይችላል።

አራተኛ፣ በአንድ ቀን ምን ያህል ገንዘብ ሊወጣ ይችላል? ባንኮች ለአንድ ቀን ወጪ ጣሪያ የሚያበጁት በደንበኛው ላይ ለመቀናጣት አይደለም።

አምስተኛ፣ ካዝናውን ማን ይቆጥራል? በየስንት ጊዜው? ያለውና መኖር ያለበት ሒሳብ ሳይመሳከር ስድስት ቀን ማለፉ በማንኛውም ሱቅ ቢሆን የሚያስነቅፍ ነው።

ስድስተኛው ስለ ኦዲት ነው። ብዙ አገልግሎቶች «ኮዳችን በኦዲተሮች ተመርምሯል» በማለት ያስተዋውቃሉ። ምርመራው ጠቃሚ ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። ዩለር የተባለው የብድር አገልግሎት ከአንድ ጊዜ በላይ በተለያዩ ኦዲተሮች ተመርምሮ እያለ በማርች 2023 ወደ 197 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ኋላ ላይ ገንዘቡ መመለሱ ዕድል እንጂ ጥበቃ አልነበረም። የኦዲት ወረቀት ሲቀርብ ምን እንደተመረመረ፣ መቼ እንደተመረመረና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተጨመረ ማየት ያስፈልጋል።

የጣሪያው ጥቅም

ከእነዚህ ጥያቄዎች አራተኛው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳየው ራሱ ሮኒን ነው። ከ2022ቱ ዝርፊያ በኋላ ኩባንያው የሚፈለገውን ፊርማ ወዲያውኑ ከአምስት ወደ ስምንት አሳደገ፤ የአጽዳቂዎችን ቁጥር ለመጨመርም ቃል ገባ። ድልድዩ እንደገና ሲከፈትም በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚያግድ ጣሪያ ተበጀለት።

በኦገስት 2024 ድልድዩ እንደገና ተከፈተ፤ በዚህ ጊዜ በስህተት ነበር። ኮዱ ሲታደስ የአጽዳቂዎችን ድምፅ የሚቆጥረው ክፍል መነሻ ቁጥሩ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ለማውጣት የሚያስፈልገው የድምፅ መጠን እንደ ዜሮ ተቆጠረ። በሌላ አነጋገር ያለ አንድም ፊርማ ማውጣት ይቻል ነበር። ከ2022ቱ የባሰ ቀዳዳ ነው። ሆኖም የወጣው 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ ጣሪያው ከዚያ በላይ አላሳለፈም። ቀዳዳውን ያገኙት ሰዎችም ገንዘቡን መልሰው ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለቱን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ቁልፍ ነበር፣ ጣሪያና ቆጣሪ አልነበረም፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። በሁለተኛው ቁልፉ ራሱ ክፍት ቀረ፣ ጣሪያው ግን ነበር፤ ጉዳቱ ተገደበ። ጥሩ የሚባለው አሠራር ስህተት የማይደርስበት ሳይሆን ስህተት ሲደርስ ሁሉን ይዞ የማይሄድ ነው።

ለአገራችን አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር መጠቀስ አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው መግለጫ በአገሪቱ ውስጥ የመገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስካይ ማቪስ የደንበኞቹን ገንዘብ ለመተካት ባለሀብቶች ነበሩት። ባይቢትም የደንበኞቹን ጥያቄ ለመክፈል አቅም ነበረው። በጓደኛ ምክር፣ በስልኩ ላይ በጫነው ፕሮግራም ገንዘቡን ወደማያውቀው ድልድይ የላከ ግለሰብ ግን ቢጠፋበት የሚከሰው አካል፣ የሚጮህበት መሥሪያ ቤት አያገኝም።

ስለዚህ «ይህ ነገር በብሎክቼይን ላይ የተሠራ ስለሆነ አይደፈርም» የሚል ሻጭ ሲመጣ መልሱ አጭር ነው። ቁልፎቹ ስንት ናቸው? በእነማን እጅ ናቸው? ሣጥኑን የሚቆጥረውስ ማን ነው? ሻጩ እነዚህን ሦስቱን መመለስ ካልቻለ ገንዘብን በኪስ አቆይቶ መሰንበት ይሻላል።